ያልተነካው መዋጮ የማን ነው? ከወንፈልና ከቅሬ እስከ ጤና መድን



በየዓመቱ የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ ወደ ሒሳብ ክፍል ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ አይለወጥም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ከፍያለሁ። አልታመምኩም፣ ሐዘንም አልደረሰብኝም። ያልተነካው ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይላል። ጠያቂዋ አንዳንዴ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ልትዛወር ነው፤ አንዳንዴ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው፤ አንዳንዴም ልጇን ልታስመዘግብ ቸግሯት ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ከጉሮሮዋ ቀንሳ የከፈለች ሴት ገንዘቧ የት እንዳለ መጠየቅ መብቷ ነው።

መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። አንዳንዱ መዋጮ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይመለሳል፤ አንዳንዱ በፍጹም አይመለስም፤ አንዳንዱ ደግሞ በደንብ እንደተጻፈው ነው። ይህ ልዩነት የሒሳብ ሠራተኞች የፈጠሩት አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ብር ሳይለምዱ ጀምሮ የነበረ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የመተዳደሪያ ደንባችንን ስለምናሻሽል፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን አብረን ብናየው ይጠቅመናል ብዬ ጽፌዋለሁ።

በጉልበት የሚከፈል ዕዳ

በአምባሰልና በተሁለደሬ ገበሬ ዘንድ የመጀመሪያው የቁጠባ ደብተር ወንፈል ነው ማለት ይቻላል። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ካንቺ ማሳ አርሜ ስውል፣ ነገ አንቺ ከእኔ ማሳ የምትውይበት ነው። በወንፈል የተዋለ ቀን ስጦታ አይደለም፣ ዕዳ ነው። አምስት ሰው አምስት ቀን ተዟዙሮ ከሠራ ማንም ለማንም ዕዳ ሳይኖርበት ይለያያል። ሦስተኛው ቀን ላይ ዝናብ ቢመጣና ሥራው ቢቋረጥ፣ ገና ያልታረመላቸው ሁለቱ ሰዎች ያልተከፈለ ቀን አላቸው። ያ ቀን በሌላ ሳምንት ይመለስላቸዋል እንጂ ቀለጠ አይባልም።

ደቦ ወይም ጅጌ ግን ሌላ ነው። ቤት ለመሥራት ወይም የደረሰ እህል ለማጨድ ጎረቤት ይጠራል፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል። የመጣ ሰው «ቀኔን መልስልኝ» ብሎ አይጠይቅም። ነገ እሱም ቢጠራ እንደሚመጡለት ያውቃል፤ ነገር ግን የሚቆጥር የለም።

እንግዲህ ገና ብር በብዛት ወደ ገጠሩ ሳይገባ ሁለቱ ሐሳቦች ተለያይተው ነበር። ተቆጥሮ የሚመለስ አለ፤ ሳይቆጠር ለችግር ቀን የሚቀመጥ አለ። ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ ጠብ ይነሳል።

ንብረትን በጽሑፍ መያዝም ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል፣ ከቅዱሱ ጽሑፍ ጎን የገዳሙን ንብረትና ስጦታ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች የያዘ በመሆኑ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ሴቶች ወደ ገዳሙ ባንገባም ልማዱ ግን የጋራችን ነው። በሙስሊም እህቶቻችን በኩልም በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ የዱቤ ውል በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ የሚያዝዝ ነው። ደብተር መያዝ አለመተማመን ነው የምትል እህት ካለች፣ የሁለቱም እምነት አባቶች እንደዚያ አላዩትም።

ዕቁብ፦ ሁሉም የሚመለስበት

ዕቁብ ለመረዳት ቀላሉ ነው። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ አንዷ ሁለት ሺህ ብር ታነሳለች። ሃያ ሳምንት ሲያልቅ እያንዳንዷ ሁለት ሺህ ከፍላ ሁለት ሺህ ወስዳለች። በሣጥኑ የሚቀር የለም። ተመላሽ የሚባል ጥያቄ የሚነሳው አንዷ በመሐል ስትወጣ ብቻ ነው። ዕጣ ወጥቶላት ከሆነ ዕዳዋን ዋሷ ይከፍላል። ካልወጣላት ደግሞ በብዙ ዕቁቦች ልማድ የጣለችውን ታገኛለች፤ ግን ዙሩ ሲያልቅ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ በሌሎች እጅ ስለሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣላት ሴት በእውነቱ ተበዳሪ ናት፤ መጨረሻ የደረሳት ሴት ደግሞ አበዳሪ ናት። ሁለቱም ሁለት ሺህ ቢወስዱም የመጨረሻዋ ሁለት ሺህ በገበያ የሚገዛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በግ በመስከረምና በፋሲካ ዋጋው አንድ አይደለም። ስለዚህ «ገንዘቤ ተመልሶልኛል» ስንል ብሩ እንጂ አቅሙ ተመልሷል ማለት ላይሆን ይችላል። በኋላ ስለ ቁጠባችን ስናወራ ይህን እናስታውሰዋለን።

ቅሬ፦ የማይመለስበት

ሌላው ኢትዮጵያ ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የዕድርን ታሪክ የጻፉ ሰዎች፣ በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ እንደታየና በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ እንደተስፋፋ ይናገራሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ አገራችን የመረዳጃ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ጽፈዋል። የከተማው ዕድር ወርሃዊ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ጸሐፊ ያለው ነው። የገጠሩ ቅሬ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሰው ነው። መቃብር መቆፈር፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጀራና ንፍሮ ይዞ መምጣት፣ ሐዘንተኛን ሳይለዩ ማደር ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበሩበት መንደርም በወሎ ብርቅ አይደለም።

ቅሬ ላይ ሠላሳ ዓመት እንጀራ ይዛ የሄደች እናት፣ በቤቷ ሞት ሳይገባ ሠላሳ ዓመት ብትቆይ፣ «ተመስገን» ትላለች እንጂ «የሠላሳ ዓመት እንጀራዬን መልሱልኝ» አትልም። ያልተጠቀመችበት መዋጮ የከሰረችበት አይደለም። ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘችው እሷ ናት፣ የቤተሰቧ ሰው አልሞተባትምና። የዛሬው መድን የሚባለው ሐሳብ በሙሉ በዚህች እናት «ተመስገን» ውስጥ አለ።

ቅሬ ግን ደካማ ጎን አለው። ከአካባቢው ጋር የታሰረ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች አካባቢዎች በሰፈራ የተወሰዱት ወገኖቻችን፣ እዚህ ለዓመታት ያዋጡት ሁሉ አልተከተላቸውም። እዚያ ደርሰው ቅሬያቸውን ከዜሮ ነው የመሠረቱት። ቅሬ የሚሰጠው መብት በደብተር የሚዛወር ሳይሆን በጎረቤት ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ነውና፣ ጎረቤቱ ሲበተን አብሮ ይበተናል።

ሁለተኛው ደካማ ጎን፣ ችግሩ በሁሉም ላይ አንድ ጊዜ ሲመጣ ነው። ቅሬ የሚሠራው ዛሬ የእኔ ቤት ሲያዝን የአንቺ ቤት ደኅና ስለሆነ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎን ያጠቃው ረሃብ ግን ሁሉንም ቤት አንኳኳ። የሚያዋጣውም የሚቀበለውም አንድ ሰው ሆነ። ያኔ በጎረቤት መካከል ያለ መረዳዳት ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ እጅ ወይም ቀድሞ የተቀመጠ መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

መዋጮን ያስጠላን ዘመን

ትልልቆቹ እናቶቻችን «መዋጮ» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ገበሬው በገበሬ ማኅበር፣ በአገልግሎት ኅብረት ሥራና በአምራች ኅብረት ሥራ ተደራጀ። ሴቶችም በ1972 ዓ.ም. በተመሠረተው በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ በአኢሴማ፣ ታቀፉ። የአባልነት ክፍያው፣ የእናት አገር ጥሪው፣ የልማቱ፣ የስብሰባው መዋጮ ብዙ ነበር። ገበሬው በሬውንና ሞፈሩን ለአምራች ኅብረት ሥራ አስገብቶ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጅ፣ አምራች ኅብረት ሥራዎቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ በየቦታው ፈረሱ። አባላቱ መሬቱን፣ በሬውንና መሣሪያውን ተከፋፈሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የብዙ አገልግሎት ኅብረት ሥራዎች ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ያ ሁሉ ዕጣና መዋጮ በቆጠራ ለባለቤቱ የተመለሰበት ቦታ ጥቂት ነው። ሰው ከዚህ የተማረው ትምህርት፣ የጋራ ሣጥን ውስጥ የገባ ገንዘብ የማንም ስላልሆነ ቀድሞ የደረሰ ይውሰደው የሚል ሆነ።

በኋላ የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ቀጥሎም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይህን ቁስል ለማከም የሞከሩ ናቸው። በእነዚህ ሕጎች አባልነት በፈቃድ ነው። የአባሏ ዕጣ ለብቻው፣ ቁጠባዋ ለብቻው፣ የጋራ መጠባበቂያው ለብቻው ይመዘገባል። አባሏ ስትወጣ የእሷ የሆነው በደንቡ መሠረት ይመለሳል፤ መጠባበቂያው ግን ከማኅበሩ ጋር ይቀጥላል። በክልላችንም በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ ለብዙ የገጠር ሴቶች በስማቸው የተጻፈ የመጀመሪያውን የቁጠባ ደብተር ሰጥቷል። በስም የተጻፈ ደብተር ማለት «ይህ ያንቺ ነው» የሚል የጽሑፍ ቃል ነው።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭ እንይ። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠራተኞች እንደ ዕድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላሉ፤ የታመመ ወይም የሞተበት ይረዳል። ከማኅበራቱ አንዳንዶቹ በዓመቱ መጨረሻ፣ ገና ሲደርስ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለአባላት ያካፍሉ ነበር። አባላቱ ይህን ይወዱት ነበር፣ ለበዓል ገንዘብ ይደርሳልና። ችግሩ ግን በየዓመቱ ሣጥኑ ባዶ ስለሚሆን፣ አባላቱ ሲያረጁና በሽታ ሲበዛባቸው የተጠራቀመ ነገር አለመኖሩ ነው።

በ1870ዎቹ በስትራውድ ከተማ ጆርጅ ሆሎዌይ የተባለ ሰው መካከለኛ መንገድ አሰበ። ከመዋጮው ለሕመም የሚወጣው ከወጣ በኋላ የተረፈው በየአባሉ ስም ይመዘገባል፤ አባሉ ሥራ ሲያቆም በእርጅናው ይወስደዋል። ስለዚህ ያልታመመ ሰው የሚጠራቀምለት ነገር አለ፤ ሣጥኑም በየዓመቱ አይራቆትም። ይህን ለማድረግ ግን መዋጮው ከፍ ማለት ነበረበት። በትንሽ መዋጮ መድንም ቁጠባም አንድ ላይ መግዛት አይቻልም።

በአሜሪካ ደግሞ ኤሊዙር ራይት የተባለ፣ የሒሳብ ዐዋቂና የባሪያ ንግድ ተቃዋሚ የነበረ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ሄዶ ሳለ፣ የሕይወት መድን ክፍያ መቀጠል ያልቻሉ ሽማግሌዎች ውላቸውን በጨረታ ሲሸጡ አየ። ገዢው ሽማግሌው ቶሎ ቢሞትለት ያተርፋል። ራይት ይህ የባሪያ ገበያ መሰለው። ክፍያ ያቋረጠ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመው መጠባበቂያ በኩባንያው እጅ ይቀር ስለነበር ነው ሽማግሌዎቹ ወደ ጨረታ የሄዱት። ወደ አገሩ ተመልሶ በማሳቹሴትስ የመድን ተቆጣጣሪ ሆነ። በ1861 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ፣ ክፍያ ያቋረጠ ሰው መጠባበቂያው ወዲያው እንዳይወረስበትና ውሉን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆይለት ተደረገ። በ1880 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚመለስለት ድርሻ በሕግ ተደነገገ።

ራይት የለየው ነገር ለእኛም ቁልፍ ነው። የአንድ ዓመት አደጋ የተሸፈነበት ክፍያ አይመለስም፤ በዚያ ዓመት ለሞቱት ቤተሰቦች ተከፍሏል። ለሚመጡት ዓመታት ተብሎ ተርፎ የተቀመጠው ግን የከፋዩ ነው። የጡረታ ሕጋችንም ከዚህ አይርቅም። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ዕድሜው ሲደርስ የዘለቄታ አበል አለው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ለጡረታ የደረሰ ደግሞ ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ያገኛል እንጂ ባዶ እጁን አይሸኝም።

ጤና መድን በተሁለደሬ

አሁን ወደ ሐይቅ እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በሙከራ ሲጀመር፣ በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመረጡ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው ተሁለደሬ ነበሩ። ስለዚህ የሐይቅ ገበሬ ቤተሰብ፣ ሌላው ኢትዮጵያ ስለ ጤና መድን ገና ሳይሰማ መታወቂያ ደብተሩን ይዟል።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ይመዘገባል እንጂ የታመመው ሰው ብቻ አይደለም። በዓመት የሚከፈለው መዋጮ እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ይሰበሰባል። በሙከራው ዘመን የፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር። መክፈል ለማይችሉ ድሆች ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ አገልግሎቱ ይቆማል።

ቤተሰብ በሙሉ የሚመዘገብበት ምክንያት አለው። የታመመ ብቻ የሚገባበት ሣጥን በአንድ ዓመት ያልቃል። ጤነኛው የሚከፍለው የታመመው እንዲታከም ነው፤ የዛሬው ጤነኛም የነገው ታማሚ ነው። ስለዚህ «ዘንድሮ ጤና ጣቢያ አልሄድኩም፤ መዋጮዬ ይመለስ ወይም ለከርሞ ይያዝልኝ» የሚለው ጥያቄ በጤና መድን አይሠራም። ገንዘቡ ለምጥ ለወሰዱት፣ ለሳንባ ምች ለታከመው ሕፃን፣ ለደም ግፊት መድኃኒት ወጥቷል። የተረፈ ካለም ለሚቀጥለው ዓመት ሕሙማን ይቆያል።

ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህኛው ከበድ ይላል። ከፍዬ፣ ታምሜ፣ ሄጄ አገልግሎቱን ባጣስ? መድኃኒት የለም ተብሎ ከግል ፋርማሲ ግዢ ብባልስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ፣ በደቡብ ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የዓመቱን የከፈለ ቤተሰብ ደብተሩን ይዞ ባዶ ግድግዳ አገኘ። ይህ «ስላልታመምኩ ይመለስልኝ» ከሚለው በእጅጉ ይለያል። መድን የሚሸጠው ተስፋ ነው፤ ተስፋው ሳይፈጸም ሲቀር ከፋይዋ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት። እኔ እንደማየው፣ ሰው ደብተሩን ከማሳደስ የሚያፈገፍገው ሳይታመም ስለከፈለ ሳይሆን በታመመ ጊዜ ስላላገኘ ነው። ቅሬም ቢሆን እኮ በሐዘን ቀን ካልመጣ ማንም እንጀራ አያዋጣለትም።

የራሳችን ሣጥን

የራስ አገዝ ቡድን አሠራር የመጣው ከሕንድ ነው። በዚያ አገር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማይራዳ የተባለው ድርጅት የገጠር ሴቶች ቡድኖችን አደራጀ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቡድኖቹን ከባንክ ጋር ማገናኘት ተጀመረ። በእኛ አገር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳማ አካባቢ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዳረሰ። አሠራሩ ዕቁብንና ቅሬን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቁጠባው እንደ ዕቁብ የራስሽ ነው፤ ማኅበራዊ መዋጮው እንደ ቅሬ የሁላችን ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ስብሰባ፣ ለአንድ ገንዘብ ያዥ ስለሚከፈሉ ግን አባሏ እንደ አንድ ታያቸዋለች። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለመረዳት እንዲቀል ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። ሃያ አባላት ያሉት ቡድን አለ እንበል። እያንዳንዷ በሳምንት 20 ብር ትቆጥባለች፣ 2 ብር ለማኅበራዊ መዋጮ ትከፍላለች። በዓመት 50 ሳምንት ቢሰበሰቡ የእያንዳንዷ ቁጠባ 1,000 ብር ነው፤ የቡድኑ 20,000 ይሆናል። የእያንዳንዷ ማኅበራዊ መዋጮ 100 ብር ነው፤ የቡድኑ 2,000 ይሆናል። በዓመቱ ሁለት አባላት ሐዘን ደረሰባቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 600፣ በድምሩ 1,200 ብር ተሰጠ። በማኅበራዊው ሣጥን 800 ብር ቀረ።

አሁን አሥራ ስምንቱ ሐዘን ያልነካቸው አባላት «አልተጠቀምንበትም፤ መቶ መቶ ብራችን ይመለስ» ቢሉ የሚያስፈልገው 1,800 ብር ነው። በሣጥኑ ያለው 800 ነው። 1,000 ብር ይጎድላል። ይህ 1,000 ብር ወዴት ሄደ? ሁለቱ ሐዘንተኞች 1,200 ወሰዱ፤ እነሱ ራሳቸው ያዋጡት 200 ነው። ልዩነቱ 1,000 ነው። ስለዚህ መዋጮው በሙሉ ይመለስ ማለት፣ ከሁለቱ ሐዘንተኞች እጅ ቀብር ያስፈጸሙበትን ገንዘብ መልሶ መውሰድ ማለት ነው። ይህን ማንም እህት አስባ አትጠይቅም፤ ቁጥሩ ሲታይ ግን ትርጉሙ ይኸው ነው።

ቁጠባው ግን ሌላ ነው። አንድ ሺህ ብሯ የእሷ ነው፤ ከብድር አገልግሎት ክፍያ ከተገኘው ትርፍም ድርሻ አላት። በዕቁቡ ምሳሌ እንዳየነው፣ ያለ ትርፍ ድርሻ ባዶውን ሺህ ብር ብንመልስላት ገበያው የወሰደባትን አላካካስንላትም። የሚያስቸግረው ገንዘቡ በሣጥን ተኝቶ ስለማይቆይ ነው። አንዷ ለዶሮ፣ አንዷ ለእህል ንግድ ተበድራዋለች። በአንድ ሳምንት አምስት አባላት ተነስተው ቁጠባችን ዛሬውኑ ይሰጠን ቢሉ፣ ተበዳሪዎቹን ዶሮዎቻቸውን ሸጣችሁ አምጡ ማለት ሊሆን ነው። ስለዚህ የማስታወቂያ ጊዜ ያስፈልጋል። ቀኑ ግን በደንብ ተጽፎ መታወቅ አለበት፤ «ሲመቸን እንሰጥሻለን» መልስ አይደለም።

ለጉባኤው የማቀርባቸው ሐሳቦች

ከዚህ ታሪክ በመነሳት ደንቡ ሲሻሻል አምስት ነጥቦች በግልጽ እንዲጻፉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቁጠባና ማኅበራዊ መዋጮ በአንድ ደብተር ላይ ቢሆኑም በሁለት የተለያዩ ገጾች ይመዝገቡ። ማንበብ ለማትችል አባል ሁለቱ ገጾች በቀለም ይለዩ፤ በተከፈለ ቁጥርም ጮክ ብሎ ይነበብላት።

ሁለተኛ፣ ቁጠባ አባሏ ስትወጣ ከትርፍ ድርሻዋ ጋር በሙሉ ይመለስ። ያለባት ብድር ካለ ይቀነስ። የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን በደንቡ ይወሰን። ዐረብ አገር የምትሄድ እህት ከመሄዷ በፊት ማን እንዲቀበልላት በጽሑፍ ትወክል። እያንዳንዷ አባልም ብትሞት ቁጠባዋን የሚወስደውን ሰው በሕይወት ሳለች ታስመዝግብ። ይህ የማይወራ ነገር ይመስለናል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የሚጎዱት ልጆቿ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ማኅበራዊ መዋጮ አይመለስም ተብሎ አዲስ አባል ስትገባ በመጀመሪያው ቀን ይነገራት። በምትወጣ ቀን ሲነገራት ክህደት ይመስላታል። በዓመቱ ስንት እንደገባ፣ ለስንት ሰው እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ ደግሞ በጉባኤ ፊት ይነበብ።

አራተኛ፣ ማኅበራዊው ሣጥን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ሲሞላ፣ ትርፉ ከመከፋፈል ይልቅ የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ እንዲቀንስ ይደረግ። በዚህ መንገድ ያልተነካው መዋጮ ለከፋዮቹ በከፊል ይመለስላቸዋል፤ ሣጥኑ ግን አይራቆትም። ጣሪያውን ስንወስን 2014 ዓ.ምን እናስታውስ። ችግር በሁላችን ላይ አንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ለዚያ የሚሆን የማይነካ መጠባበቂያ፣ ከተቻለም ከከተማው ውጭ ባለ ባንክ ጭምር የሚንቀሳቀስ ሒሳብ፣ ይኑረን።

አምስተኛው ነጥብ ደጋፊዎቻችንን ይመለከታል። እናንተ ለአንድ ሥራ ብላችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ ሥራው አልቆ ቢተርፍ፣ ያ ትርፍ የእኛ ቁጠባም ማኅበራዊ መዋጮም አይደለም። በውሉ መሠረት ወይ ይመለሳል፣ ወይ በጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለሌላ ሥራ ይውላል። በሒሳብ መዝገባችን ለብቻው እንዲታይ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው፤ ሪፖርቱን ሳታነቡ አለማለፍ ደግሞ የእናንተ ነው። አባሎቻችን ሃያ ብራቸውን በሚጠይቁበት ዓይን እናንተም የሰጣችሁትን ብትጠይቁ አንከፋም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። ሎሚውን ተሸክማ ከመንገድ የምትወጣ እህት ግን የትኛው ሎሚ የእሷ፣ የትኛው የጋራ እንደሆነ ከመነሻው ማወቅ አለባት። ረቂቁ ደንብ በየቡድኑ ጸሐፊ እጅ ስለሚገኝ፣ ከጉባኤው በፊት በየሳምንታዊ ስብሰባችሁ አስነብባችሁ ተወያዩበት። የማትስማሙበትን ነጥብ ጽፋችሁ ለሒሳብ ክፍል ላኩልን፤ በጉባኤው ላይ ተራ በተራ ይነበባል።